የእናት ትንፋሽ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ሲጋራን እንድትተው ስለ መርዳት

በመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



መምህር አንድን ሕፃን የሚቀበለው ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። ሕፃኑ ደብተሩን ይዞ በክፍሉ ደጃፍ ሲቆም ግን ታሪኩ በዚያ ቀን አይጀምርም። አስቀድሞ በእናቱ ማሕፀን ዘጠኝ ወር ኖሯል፤ በዚያም የተመገበው የእርሷን ምግብ፣ የኖረውም በእርሷ ትንፋሽ ነው። በዚያን ጊዜ የደረሰበት ጉድለት ቢኖር፣ ጉድለቱ አብሮት ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ የሚነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሐኪምና የአዋላጅ ብቻ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የመምህርም ጉዳይ ነው። ይኸውም ሲጋራ የምታጤስ ነፍሰ ጡር ሴት ሱሷን እንድትተው በምን ዐይነት መንገድ ሊረዷት እንደሚገባ ነው።

ምሳሌው የሚወሰደው በተለይ ከብሪታንያ ነው። በዚያ አገር ማጤስ ለረጅም ዘመን በሴቶችም ዘንድ የተለመደ ስለ ነበረ፣ ችግሩም መድኃኒቱም በቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የጉዳቱን ምንጭ ማወቅ ያስፈልጋል። በሲጋራ ጢስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 70 ያህሉ የነቀርሳን በሽታ የሚያመጡ ናቸው። ስለ ፅንስ ሲነገር ግን ሁለቱ ተለይተው መጠቀስ ይገባቸዋል። አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙትን ሰዎች ሳይነቁ የሚገድላቸው ይኸው ነው። ደም ኦክሲጅንን ተሸክሞ ወደ አካል ሁሉ የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን በሚባለው ክፍሉ ሲሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህን ተሸካሚ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ይይዘዋል። እንግዲህ እናቲቱ ባጤሰች ቁጥር የኦክሲጅን ስፍራ በጋዙ ይያዛል፤ በእትብቱ በኩል ሲሳዩን የሚጠብቀው ፅንስም የሚደርሰው ይቀንስበታል። ሁለተኛው ኒኮቲን ነው። ሱስ የሚያሲዘው እርሱ ነው፤ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎም ወደ ፅንሱ ይደርሳል።

የዚህ ሁሉ ውጤት ምን እንደ ሆነ ዛሬ የሚያከራክር አይደለም። ከሚያጤሱ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት ክብደታቸው በአማካይ 200 ግራም ያህል ያንሳል። ፅንስ መጨንገፍ፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ ሞቶ መወለድ፣ ከተወለዱም በኋላ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት መሞት በእነርሱ ላይ ይበዛል። ይህ ዕውቀት ግን የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። በ1957 ዊኒያ ሲምፕሰን የተባሉ ሐኪም በካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን በርናርዲኖ አውራጃ ስለ ወለዱ እናቶች መዝገብ አገላብጠው፣ ካለ ጊዜያቸው የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር በሚያጤሱት እናቶች ዘንድ እጥፍ ያህል ሆኖ እንዳገኙት ገለጹ። ከዚያ በፊት ማጤስ ለነፍሰ ጡር ሴት የሚከለከል ነገር ሆኖ አይታይም ነበር።

ክፉው ወሬ ይህ ሲሆን መልካሙም ወሬ አብሮት ሊነገር ይገባል። በኒው ዚላንድና በአውስትራልያ በተደረገና በ2009 በታተመ ጥናት፣ እርግዝናቸው 15 ሳምንት ሳይሞላ ማጤስን የተዉት እናቶች፣ ያለ ጊዜ በመውለድም ሆነ ያነሰ ሕፃን በመውለድ ረገድ ፈጽሞ ካላጤሱት እናቶች ያልተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያም በኋላ ቢሆን መተው ምንጊዜም ይጠቅማል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ አንዲት ሴት የምትረዳበት እያንዳንዱ ሳምንት ለሕፃኑ ትልቅ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ታዲያ ሲጋራ ሕፃኗን እንደሚጎዳ የሰማች እናት ስለ ምን አትተወውም? ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ልጇን ስለማትወድ ነው፣ ወይም ፈቃደ ደካማ ስለ ሆነች ነው የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት ነው። ኒኮቲን በሳንባ በኩል ገብቶ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ለዓመታት በቀን ዐሥርና ሃያ ጊዜ ይህን የለመደ አንጎል ልማዱ ሲቋረጥበት ይቆጣል። ንዴት፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይከተላል። በዚህ ላይ ድህነት፣ የቤት ጠብ፣ ሲጋራ የሚያጤስ ባል ሲጨመርበት፣ ሸክሙ ለአንዲት ሴት ብቻዋን የሚቻል አይሆንም።

ከሱሱም ይልቅ የሚከፋው ኀፍረቱ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና የምታጤስ ሴት በመንገድ ያያት ሁሉ ይፈርድባታል፤ ፍርዱን ስለምትፈራም ትሸሽጋለች። የሚያሳዝነውም ከምትሸሽጋቸው ሰዎች መካከል ሊረዳት የሚችለው ሰው መገኘቱ ነው። በ2009 በምዕራብ ስኮትላንድ ስለሚኖሩ ነፍሰ ጡር ሴቶች በታተመ ጥናት፣ ሴቶቹ በአፋቸው የተናገሩት ቃል በደማቸው ውስጥ ከተገኘው የኒኮቲን ምልክት ጋር ተመዛዝኖ ነበር። ከሚያጤሱት ሴቶች ሩብ ያህሉ አናጤስም ብለው እንደ ነበረ በዚህ ታወቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ተረት፤ ነገር ግን ተረቱን ለበሽተኛው ብቻ መናገር ፍርድ ማጓደል ነው። በሽተኛው እንዲደብቅ ያደረገው ማን እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ አገር የተገኘው መልካም መፍትሔ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ነፍሰ ጡሯ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዋላጇ ስትቀርብ፣ የደም ግፊቷ እንደሚለካ ሁሉ ትንፋሿም ይለካል። ትንፋሿን ለጥቂት ሰከንድ ይዛ ከቆየች በኋላ በእጅ በምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። መሣሪያይቱም በትንፋሿ ውስጥ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን በቁጥር ታሳያለች። ቁጥሩ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አዋላጇ ምክንያቱን ትጠይቃለች። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ መለካቱ ለሚያጤሱት ብቻ የተመደበ አለመሆኑ ነው፤ ሴት ሁሉ ትለካለች። ደግሞም ጋዙ ከተበላሸ የቤት ማሞቂያ ወይም ከሌላ ሰው ሲጋራ ሊመጣ ስለሚችል፣ አዋላጇ ጥያቄዋን በክስ አትጀምርም። ይህ ጋዝ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል ብላ ትጀምራለች። በዚህ ዐይነት ለተጠየቀች ሴት እውነቱን መናገር ይቀልላታል። ቁጥሩም ቢሆን የማጋለጫ መሣሪያ አይደለም፤ ሲጋራውን ከተወች በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሲወርድ በዐይኗ ታየዋለችና የመበረታቻ ምልክት ይሆናታል።

ሴቲቱ ማጤሷን በተናገረች ጊዜ አዋላጇ አትገሥጻትም፤ ረጅም ስብከትም አታሰማትም። ለዚሁ ሥራ ወደ ሠለጠነ መካሪ ትመራታለች። መካሪው የሚሠራው ሥራ ከተራ ምክር የሚለየው በጥንቃቄ የተደራጀ በመሆኑ ነው። በመጀመሪያ ሴቲቱ ሲጋራውን የምትተውበትን አንድ ቀን ራሷ እንድትቆርጥ ያደርጋል። ቀጥሎ አምሮቱ የሚነሣበትን ሰዓት አብረው ይቈጥራሉ፤ የጧት ሻይ ሲጠጣ ነውን? ከምግብ በኋላ ነውን? ከጠብ በኋላ ነውን? ለእያንዳንዱም ሰዓት አንድ ሌላ ሥራ ይመደብለታል። የተረፈው ሲጋራ፣ ክብሪቱና የአመድ ማራገፊያው ከቤት እንዲወጣ ይደረጋል። ባልዋም ቢያጤስ እርሱ ደግሞ እንዲጠራና እንዲረዳ ይጋበዛል። ከተቆረጠው ቀን በኋላ መካሪው ሳምንት በሳምንት ይጠይቃታል፤ ትንፋሿንም ይለካል። ወድቃ አንድ ሲጋራ ብታጤስ፣ ያለፈው ሁሉ ጠፋ አይላትም፤ አምሮቱ ከየት እንደ መጣ ጠይቆ እንደ ገና ያስጀምራታል።

ምክሩ ዋናው ምሰሶ ሲሆን፣ ከጎኑ የሚቆመው ሁለተኛው ምሰሶ የኒኮቲን መተኪያ ነው። ይህ መድኃኒት የተወለደው በስዊድን አገር ነው። በ1967 በሉንድ ከተማ የነበሩት ሐኪም ክላስ ሉንድግሬን፣ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የሚያገለግሉ ሰዎች ማጤስ በተከለከለበት ስፍራ በአፍ የሚያዝ ትምባሆ ወስደው አምሮታቸውን እንደሚያስታግሡ ተመልክተው፣ በሄልሲንቦርይ ለነበሩት የመድኃኒት ቀማሚ ለኡቬ ፌርኖ ጻፉላቸው። ፌርኖም ከብዙ ድካም በኋላ ኒኮቲን ያለበትን ማስቲካ ሠሩ፤ በ1978ም በስዊዘርላንድ ለመሸጥ በቃ። በኋላ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ተከተለ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በ2009 ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

የመድኃኒቱ ሐሳብ ቀላል ነው። ሰውን ወደ ሲጋራ የሚጎትተው ኒኮቲን ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጥፋት የሚያደርሰው ጢሱ ነው። ስለዚህ ኒኮቲኑ በልክ፣ በዝግታና ያለ ጢስ ለጥቂት ሳምንት ቢሰጥ፣ ሴቲቱ ልማዱን ለመተው ፋታ ታገኛለች፤ ፅንሱም ከካርቦን ሞኖክሳይድና ከቀሩት መርዞች ይድናል። ኒኮቲን ራሱ ለፅንስ ፈጽሞ ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። መድኃኒቱ የሚመዛዘነው ከንጹሕ አየር ጋር ሳይሆን ከሚያጤሰው ሲጋራ ጋር ነው። በዚህም ምክንያት ያለ ሐኪም ወይም ያለ አዋላጅ ምክር መወሰድ አይገባውም፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ፕላስተሩን ስትተኛ ታነሣዋለች።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያህል ይሠራል? ይህን ለማወቅ በእንግሊዝ አገር በ1,050 ነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2012 ታተመ። ለግማሾቹ ኒኮቲን ያለበት ፕላስተር፣ ለግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ ኒኮቲን የሌለበት ፕላስተር ተሰጠ፤ ምክሩ ግን ለሁሉም ነበር። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ መድኃኒቱ ከደረሳቸው ከመቶ 21.3፣ ካልደረሳቸው ደግሞ ከመቶ 11.7 ያህሉ ማጤስን ትተው ነበር። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። እስከሚወልዱበት ቀን በመተው የጸኑት ግን ከመቶ 9.4 እና ከመቶ 7.6 ሆኑ፤ ልዩነቱም ከአጋጣሚ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም።

ይህን የሰማ ሰው መድኃኒቱ ከንቱ ነው ለማለት ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ሙከራ ሌላ ቁጥር አለ። ኒኮቲን ያለበት ፕላስተር ከተሰጣቸው ሴቶች መካከል ከአንድ ወር በላይ የተጠቀሙበት ከመቶ 7.2 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ፕላስተሩን በመሳቢያ ውስጥ ትተውታል። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ይታሰባሉ። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ኒኮቲን የሚል ጽሕፈት ያለበትን መድኃኒት ስታይ ሕፃኔን ይጎዳብኛል ብላ ትፈራለች። ከሲጋራው ጋር አወዳድሮ የሚያስረዳት ሰው ካላገኘች ፕላስተሩን ትጥልና ወደ ሲጋራው ትመለሳለች። ሁለተኛው የሰውነት ጠባይ ነው። በእርግዝና ጊዜ አካል ኒኮቲንን በፍጥነት ያጠፋል፤ በ2002 የታተመ ጥናት ፍጥነቱ ከመቶ 60 ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። እንግዲህ ለሌላ ሰው የሚበቃው መጠን ለነፍሰ ጡሯ ላይበቃት ይችላል። የሚበቃትን ያላገኘች ሴት አምሮቱ ሲያሸንፋት ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ ስለ ትምባሆ እንድትጠየቅና ለምታጤሰው ምክርና ድጋፍ እንዲሰጣት አዘዘ። ስለ ኒኮቲን መተኪያ ግን ይሰጥ ወይም አይሰጥ ብሎ ለመፍረድ በዚያን ጊዜ ማስረጃው እንደማይበቃ ገለጸ። በብሪታንያ መድኃኒቱ ከምክር ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ከዚያ ሙከራ የተወለዱት ልጆች ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሁኔታቸው ተመርምሮ በ2014 ታትሟል፤ የእድገት ጉድለት ያልተገኘባቸው ልጆች ቁጥር መድኃኒቱ ከደረሳቸው እናቶች ዘንድ ከመቶ 73፣ ካልደረሳቸው ዘንድ ከመቶ 65 ያህል ነበር። ይህ አንድ ጥናት ብቻ ስለ ሆነ የመጨረሻ ፍርድ ተደርጎ አይወሰድም፤ ነገር ግን ፕላስተሩ ሕፃኑን ይጎዳል ብላ ለምትፈራ እናት የሚያጽናና ነገር ነው።

በግላስጎው ከተማ ደግሞ ሌላ ዐይነት እርዳታ ተሞክሯል። 612 ነፍሰ ጡር ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ ለሁሉም የተለመደው ምክርና የኒኮቲን መተኪያ ቀረበላቸው፤ ለአንደኛው ክፍል ግን በትንፋሽ ምርመራና በሌላም ፈተና መተዋቸው እየተረጋገጠ እስከ 400 ፓውንድ የሚደርስ የዕቃ መግዣ ኩፖን ተጨመረላቸው። በ2015 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ኩፖን ካገኙት መካከል በእርግዝናቸው መጨረሻ ማጤስን የተዉት ከመቶ 22.5፣ ካላገኙት ደግሞ ከመቶ 8.6 ነበሩ። አንዳንድ ሰዎች ይህ ለጥፋት ዋጋ መክፈል ነው ብለው ተቃወሙ። ነገሩን በደንብ የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ትርጉም ያገኝበታል። በድሃ ሰፈር የምትኖር ሴት በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ስትወቀስ ኖራለች፤ ስላደረገችው መልካም ነገር የተሸለመችበት ቀን ግን ጥቂት ነው።

በእንግሊዝ አገር በሚወልዱበት ጊዜ የሚያጤሱት ሴቶች ቁጥር በ2010 እና በ2011 መካከል ባለው የሒሳብ ዓመት ከመቶ 13.5 ነበረ፤ በ2023 እና በ2024 መካከል ከመቶ 7.4 ሆነ። ለዚህ መቀነስ የሲጋራ ዋጋ መጨመርና የሕጉ መጥበቅም ድርሻ ስላላቸው፣ ሁሉም የአዋላጆች ሥራ ነው አይባልም። አዋላጆቹ ግን በየቀኑ፣ በየክፍሉ፣ አንዲትን ሴት ከሌላዋ ሳይለዩ ትንፋሽ እየለኩ ደክመዋል።

ሥራው በወሊድ ቀን እንደማያበቃም መዘንጋት አይገባም። በእርግዝና ጊዜ ለሕፃኑ ብላ የተወች እናት፣ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ እንቅልፍ ሲያጥርና ጭንቀት ሲበዛ ሱሱ ብዙ ጊዜ ያገረሽባታል። ስለዚህ መካሪው ከወሊድም በኋላ ይጠይቃታል፤ ባልዋም በቤት ውስጥ እንዳያጤስ ይመከራል።

ይህ ሁሉ በምሥራቅ አፍሪካ ለሚያስተምር ሰው ምን ይጠቅመዋል? በኢትዮጵያ በ2016 የተደረገው የአዋቂዎች ትምባሆ አጠቃቀም ጥናት፣ በትምባሆ የሚጠቀሙ ሴቶች ከመቶ 1.8፣ ወንዶች ከመቶ 8.1 መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህ የተነሣ በእኛ አገር ነፍሰ ጡሯን ይበልጥ የሚያሰጋት የራሷ ሲጋራ ሳይሆን በቤት ውስጥ የሚያጤሰው ሰው ጢስ ነው። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥም እንዳይጤስ ከልክሏል። ሕጉ ወደ ሳሎንና ወደ መኝታ ቤት አይገባም፤ ወደዚያ የሚገባው ትምህርት ነው። የነገዎቹ አባቶች ዛሬ በክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሴት ስታጤስ ነውር በሚባልበት አገር ደግሞ፣ የምታጤሰው ጥቂቷ ሴት ከግላስጎዋ እኅቷ ይልቅ የበለጠ ትሸሽጋለች፤ እንግዲህ የበለጠ ገርነት የሚያስፈልጋት ለእርሷ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የአዋላጇ አጠያየቅ ለመምህር ትልቅ ትምህርት ነው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ በክፍሉ የኋላ ወንበር ይሸሸጋል፤ ጓደኛው ያነበበውን በቃሉ ይዞ ያነበበ ይመስላል። መምህሩ ሰነፍ ብሎ ቢገሥጸው መሸሸጉን ያሻሽላል እንጂ ንባቡን አያሻሽልም። ልጆቹን ሁሉ አንድ በአንድ ጠርቶ የሚያስነብብ፣ ችግሩን ሲያገኝም ሳይደነግጥና ሳያሳፍር የሚበቃውን እርዳታ ሳምንት በሳምንት የሚሰጥ መምህር ግን ያንን ልጅ ከተሸሸገበት ያወጣዋል። መጽሐፍ ብቻ ቢሰጠው በመሳቢያ እንደ ቀረው ፕላስተር ይሆናል፤ ምክር ብቻ ቢሰጠውም መጽሐፍ ከሌለው አይጠቅመውም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ በመካከላቸውም የማይፈርድ ሰው ሲቆም ሥራው ይሠራል።

ከሰባት ዓመት በኋላ በክፍል ደጃፍ የሚቆመው ሕፃን ዛሬ በእናቱ ማሕፀን አለ። እናቱ ዛሬ የሚጠይቃትን ሰው ድምፅ ሰምታ፣ ልናገር ወይስ ልሸሽግ እያለች ታመነታለች። የሕፃኑ ዕጣ የተንጠለጠለው በዚያ ድምፅ ላይ ነው።